ቢጫው መስመር የሚጀምርበት ቦታ

ጎረቤቴ ሶላንዥ ፖስታ ቤቱን ለቃ ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ፖስታ ቤቱ ግን እስካሁን እሷን አልለቀቃትም። ዳቦ ልትገዛ ከቤት የምትወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት ላይ በሯ ካልተከፈተ እኔ ሐኪም ልጠራ ስልኬን አነሣለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቢጫ ብስክሌት አምስት መንደር እያዳረሰች ደብዳቤ ስታድል፣ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይሆን በእሷ ነበር። ደወሉ አንዳንዴ ይሳሳታል።

ባሏ አርሴን ደግሞ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ በፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ ምድር በሰው የወይን ማሳ ሲተክል፣ ሲከረክም፣ ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤ ጀርባው ጎብጧል፣ ምላሱ ግን አልጎበጠም። "መቼ ትመጣለህ?" ሲሉት "ስመጣ" ይላል። በመንደራችን አርሴን ብሎ የሚጠራው ሚስቱና ዶክተሩ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ለሌላው ሰው "ቢጫው" ነው።

ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት በመጋቢት ሙሴ ደልማስ የሚባሉ የማሳ ባለቤት "ቀበሮ ዋሻ" በተባለው ማሳቸው ላይ አንድ ተርታ ወይን ደረቀባቸው፤ አርሴንን በአዲስ ችግኝ ተካልኝ አሉት። የቀይ ወይንና የነጭ ወይን ችግኝ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ሁለቱም እንጨት ነው፤ የሚለየው በታሰረበት ገመድ ብቻ ነው። ቀዩ በቀይ ገመድ፣ ነጩ በነጭ። አርሴን ከሰዓት በኋላ ሌላ ማሳ ላይ የሚተክለውንም ነጭ አብሮ ይዞ ነበርና በቀዩ ማሳ መሀል ነጩን ተከለው። ለጊዜው ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ማሳው በሙሉ ቀይ ሲለብስ አንድ መስመር ብቻ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆና ብቅ አለች። ሙሴ ደልማስ ጮኹ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ። ወይኑን ሲቀምሱት ግን ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዱ፤ ጥቂት ነጭ ገብቶበት ለስልሶ ነበር። ስለዚህ ተክሉ ሳይነቀል ቀረ፤ ስሙም ከአርሴን ላይ ሳይነቀል ቀረ።

"ጉም ነበር" ይላል ሲጠይቁት። "በማለዳ ነው የጀመርኩት። ገመዱ ቀይ ይሁን ነጭ በምን ይታያል?"

ችግሩ፣ ከሶላንዥ ጋር የተዋወቁትም ያን ቀን ነው። እሷ ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። መንገዷ በማሳው ግርጌ ያልፋል፤ በማሳውና በመንገዱ መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ አጥር አለ። አጥሩ የፈረሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የድንጋይ መስቀሉ የቆመበት ጋ። ከመስቀሉ ሁለት መቶ ሜትር ያህል አልፎ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ሶላንዥ ደብዳቤዋን አድላ ስትመለስ ውሃ ልትጠጣ ከብስክሌቷ የወረደችው እዚያ ነው።

"ቆማ ጠበቀችኝ" ይላል አርሴን። "እኔ ተርታዬን ጨርሼ፣ ውሃ ጠምቶኝ ስወርድ አንዲት ልጅ ጉድጓዱን ተደግፋ መንገድ መንገድ ታያለች። ምን ላድርግ? ሰላም አልኳት።"

"ውሸታም! ሥራህን ጥለህ እየሮጥክ ነው የመጣኸው።"

"መሮጤን በምን አወቅሽ?"

"ታለከልክ ነበራ!"

"ሙቀቱ ነው።"

"በመጋቢት? አሁን ጉም ነበር አላልክም?"

ማን ማንን ቀድሞ እንዳየ ክርክሩ ይኸው አርባ አንድ ዓመት አለፈው። እኔ በበኩሌ ሃያ ሁለቱን ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱም ቢታመሙ ብቻዬን ተከራክሬ እጨርሰዋለሁ። ሶላንዥ ወደ ማሳው ገብታ አታውቅም። በለቀማ ሰሞን መንደሩ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ሲወርድ እሷ ደብዳቤ ታድላለች። ከመንገዱ ላይ ሆና ብትመለከት ደግሞ የፊተኞቹ ተርታዎች ቅጠል የኋላውን ይከልለዋል።

በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ዶክተሩ የአርሴን ዓይን መሀል መሀሉ እየጠፋ መሆኑን ነገረው። ዳር ዳሩ ይቀራል። ሰው ፊት ለፊት ሲቆምለት ጆሮውን ያያል፣ አፍንጫውን አያገኝም። እስከ ገና ድረስ ከዚህም ይብሳል፣ መድኃኒትም የለውም ተባለ። ሶላንዥ በመኪናዬ ስመልሳቸው መንገዱን ሙሉ ሰዓቷን አላየችም፤ እሷ ሰዓት ስትረሳ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አርሴን ግን ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ፣ "ሳይጨልምብኝ ያቺን ቢጫ መስመር አንድ ጊዜ ከላይ ማየት እፈልጋለሁ" አለ።

ይህን ሐሳብ ያመጣለት ሎይክ ነው። ሎይክ እንግዶችን በሙቅ አየር ፊኛ በወይን ማሳዎቹ ላይ የሚያንሳፍፍ ጎልማሳ ነው፤ እኔ ደግሞ ሾፌሩ ነኝ። ፊኛው ወደሚወርድበት በመኪና እየተከተልኩ ሰውና ቅርጫት እሰበስባለሁ። አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ "ጋሼ አርሴን፣ የእርስዎ ስህተት እኮ ከሦስት መቶ ሜትር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል" ብሎት ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። አርሴን ግን አልሳቀም፤ ልብ ብሎ ሰምቷል።

ሶላንዥ ጉዳዩን እጇ አስገባች። ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቅጠሉ ቀለሙን ይዞ የሚቆየው ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፤ የፊኛው ወቅት የሚዘጋው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ወደ ቀበሮ ዋሻ ለመሄድ ነፋሱ ከሰሜን መንፈስ አለበት፤ የአርሴን ዓይን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አሥራ አራት ገጽ ፕላን ጻፈች። በፕላኑ መሠረት አርሴን በፊኛ ይበርራል፤ እሷ ለሁለት ሰው በተሠራው ብስክሌታቸው ከሥር ትከተለዋለች፤ ሲያርፍ ከኋላዋ ይፈናጠጥና ደብዳቤ ስታድል በኖረችበት መንገድ አምስቱን መንደር አዳርሰው ቤታቸው ይገባሉ። ብስክሌቱን የገዙት ዶክተሩ ብቻውን እንዳይነዳ ከከለከለው በኋላ ነው።

"አንቺስ? ቅርጫቱ ሰፊ ነው" አላት አርሴን፣ ምናልባት ለሃያኛ ጊዜ።

"የኔ ጎማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም። ዛሬም አይነሣም።"

እውነቱን ለመናገር ሶላንዥ ከፍታ ትፈራለች። አምፖል ስትቀይር ወንበሩን የምይዝላት እኔ ነኝ።

ሎይክን ወጥ ቤቷ ጠርታ፣ በአይብ የጋገረችውን ትንንሽ ዳቦ ፊቱ ደርድራ ፕላኑን አነበበችለት።

"ሁለት ሰዓት ተኩል መነሣት። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ቀበሮ ዋሻ ላይ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ማረፍ።"

"እማማ ሶላንዥ፣ ፊኛ እኮ መሪ የለውም። ነፋሱ ወደ ወሰደን ነው የምንሄደው።"

"እንግዲያው ለነፋሱ አንብብለት።"

"ደሞ ፍሬንም የለውም።"

"ታዲያ አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ምንድን ነው?"

"መውጣትና መውረድ።"

"እሱንማ ድመቴም ትችላለች።"

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው እርሳሷን አነሣችና ገጽ ዘጠኝ ላይ የምግቡን ቅርጫት የመሸከም ኃላፊነት በስሜ ጻፈችው። በእሷ ፊት መሳቅ እንዲህ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ጉም ሆነ። ከአፍንጫችን ወዲያ አይታይም። አርሴን ደስ ብሎት፣ "አያችሁ? ጉም ማለት ይሄ ነው! እስቲ ገመድ ለዩበት!" እያለ ሁላችንንም ሲያበሽቅ አረፈደ። በሁለተኛው ቀጠሮ ሰማዩ ጠራ፣ ነፋሱ ግን ከምዕራብ መጣ። በዚያ ነፋስ ብንነሣ የሚወስደን ወደ ሜዳው፣ ወደ በቆሎና ወደ ላም ነው። ሎይክ ቢሆንም እንብረር አለው። "ላም ከታችም ይታየኛል" ብሎ አርሴን ወደ መኪናው ተመለሰ። ከዚያ አራት ቀን ዘነበ፤ እየዘነበ ቅጠሉን ያረግፈዋል። ሶላንዥ በየማለዳው መስኮት ላይ ቆማ ዝናቡን እንደ ባለጌ ልጅ ትቆጣዋለች። የቀረው አንድ ቅዳሜ ነበር፣ የወቅቱ የመጨረሻ።

ቅዳሜ ነፋሱ ከሰሜን መጣ፣ ለስላሳ። ብርድ አለ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል። ሎይክ ዋናውን ፊኛ ከመንፋቱ በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የነፋሱን አቅጣጫ የሚያይባትን ትንሽዬ ቀይ ፊኛ ይዞ ወጣ፤ ለቀቅ ያደርጋትና ወዴት እንደሄደች ያያል። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ "እንግዲህ ተመልከቱ!" አለ። ክሯ ግን ከእጅ ሰዓቱ ጋር ተጠላለፈች፤ ይፈታታት ጀመር።

አርሴን አንጋጦ ወደ ሰማይ እየተመለከተ ፈገግ አለ። "አየኋት! ቀጥ ብላ ወደ ደቡብ ናት የሄደችው። ጎበዝ!"

ፊኛዋ ገና ሎይክ እጅ ላይ ነበረች።

ሎይክ ቀስ ብሎ ክሩን በጥሶ ለቀቃትና፣ "ልክ ነው ጋሼ አርሴን፣ ወደ ደቡብ ናት" አለ። ደግነቱ በእርግጥም ወደ ደቡብ ሄደች። እኔ ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩ፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሶላንዥ የብስክሌት ቆቧን ደፍታ፣ ፕላኑን ይዛ ቆማ ነበር። ባሏን አየችው። ወረቀቱን አየችው። ከዚያ አሥራ አራቱንም ገጽ አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችው።

"ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጫኚው።"

"አንቺስ?"

"ቅርጫቱ ሰፊ ነው ሲል አልነበር? የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።"

ቅርጫቱ ውስጥ ለማስገባት ሎይክ ከውስጥ ጎተታት፣ እኔ ከታች ገፋኋት። ቆቧን አውልቂ ብንላት እምቢ አለች። ማንደጃው ነበልባሉን ሲተፋ በሁለት እጇ የቅርጫቱን ገመድ፣ በጥርሷ ደግሞ የራሷን ስካርፍ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ተነሣች።

እኔ ከሥር በመኪና ተከተልኩ። ከሎይክ ጋር የምንነጋገርበት ራዲዮ አለ፤ ያን ቀን ቁልፉን ተጭኜ ረሳሁት ይላል። አላምነውም፤ ብቻ ይባርከው ብያለሁ። ሁሉንም ሰማሁ።

"ዓይንሽን ግለጪ እንጂ" ይላል አርሴን።

"ገልጫለሁ።"

"አልገለጡም" ይላል ሎይክ።

"አንተ ልጅ፣ ወሬህን ትተህ ንዳ!"

"አይነዳም ብዬ ነበር እኮ፣ እማማ።"

ነበልባሉ ጮኸ፣ ዝም አለ። ውሻ ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ አርሴን በለሰለሰ ድምፅ ሰዓቱን ጠየቀ።

"ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት" አለ ሎይክ፣ በድንጋጤ። "አይ እማማ ሶላንዥ! በፕላንዎ ልክ በደቂቃዋ!"

ሶላንዥ ዓይኗን የገለጠችው ያኔ ነው። ሰዓቱ ደርሶ እሷ ደብዳቤ ሳታደርስ ቀርታ አታውቅም።

"ምን ይታይሻል?"

"ቆይ... ቀይ ነው። ሁሉም ቀይ ነው። ማሳው ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዛፍ ይኸውና። አጥሩ። ... አርሴን! ቢጫዋ! ቢጫዋ ይቻትና!"

"ቅጠሏ አልረገፈም?"

"ሞልቷል!"

"ቀጥ ያለች ናት?"

"በክር የተሰመረች ነው የምትመስለው።" ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "አርሴን። ያን ቀን ተርታውን ከየት ነው የጀመርከው?"

"ከትልቁ ዛፍ።"

"ከዛፉ ጋ እኮ ቀይ ነው። ጉም ነበር ባልክበት ሰዓት የተከልከው ልክ ነው፣ ቀይ ነው! ቢጫው የሚጀምረው..."

"ከየት ነው የሚጀምረው?" አላት። መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ነበር የጠየቃት።

"አጥሩ ከፈረሰበት። ከመስቀሉ ፊት ለፊት።"

መኪናዬን መንገድ ዳር አቆምኩ።

"እኔ መስቀሉ ጋ አልቆምኩም" አለች ሶላንዥ። "አለፍኩ እንጂ።"

"አለፍሽ።"

"የቆምኩት ጉድጓዱ ጋ ነው።"

"ጉድጓዱ ጋ ነው።"

"ስለዚህ ሳልፍ አይተኸኛል።"

"አዲስ የችግኝ እስር ልፈታ ጎንበስ ስል በክፍተቱ በኩል አንዲት ልጅ በቢጫ ብስክሌት አለፈች" አለ አርሴን። "ከዚያ በኋላ እጄ ምን እንደያዘ አላውቅም። ሃምሳ ችግኝ ተከልኩ፤ አንዱንም አላየሁትም። ከዚያ ስትመለሺ የብስክሌትሽን ደወል ሰምቼ ሮጥኩ።"

"ሮጥክ!"

"ሮጥኩ።"

"አርባ አንድ ዓመት ሙሉ! አርባ አንድ ዓመት!"

"ያኔ ባምንልሽ ኖሮ ኩራትሽን ማን ይችለው ነበር?"

"ታዲያ ዛሬስ ለምን?"

"እኔማ መስመሯን አውቃታለሁ፣ የተከልኳት እኔ አይደለሁ እንዴ? አንቺ እንድታያት ነው የፈለግኩት። ብቻሽን ውጪ ብልሽ እንደማትወጪ አውቃለሁ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ሲጠራ ግን ትንሽ ቆየ። ራዲዮው ውስጥ ሎይክ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማኝ። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም፤ የመኪናውን የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ጨረስኩት።

በመጨረሻ ሶላንዥ፣ "አንተስ? ምንም አላየህም?" አለችው።

"በዳር በኩል አንድ ቢጫ ነገር አይቻለሁ። ወይ መስመሯ ናት፣ ወይ ያንቺ ስካርፍ ነው።"

"ስካርፌ ሰማያዊ ነው።"

"እንግዲያው አየኋት።"

ፊኛው ትምህርት ቤቱን አልፎ፣ ከፕላኑ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ የሰው ባሮ ሽንኩርት ውስጥ ወረደ። እኛ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ሰው ይንበረከክና ጠብታ ወይን አናቱ ላይ ፈስሶለት፣ ባረፈበት ቦታ ስም ማዕረግ ይሰጠዋል። ሎይክ ሁለቱንም አንበርክኮ "የባሮ ሽንኩርት መስፍንና ልዕልት" ብሎ ሾማቸው። የማሳው ባለቤት ሊቆጣ እየሮጠ ደርሶ ነበር፤ ቢጫው መሆኑን ሲያይ እሱም ብርጭቆ ተቀበለ። ሶላንዥ ስለ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህ በጣም አሳሰበኝ።

ብስክሌቱን አወረድኩላቸው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። እኔ የምግብ ቅርጫቴን ይዤ በገጽ ዘጠኝ መሠረት የመጀመሪያው መንደር ላይ ልጠብቃቸው ስዘጋጅ፣ እሷ መታጠፊያው ላይ ወደ ሌላ ዞረች። ሶላንዥ መንገድ ስትስት አይቼ ስለማላውቅ በቀስታ ተከተልኳቸው።

መስቀሉ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች።

"ምን ሆንን? ጎማ ነው?" አለ አርሴን።

"አይደለም። ውረድ።"

"የት ነን?"

"መስቀሉ ጋ።"

"ፕላኑ ላይ የለም እኮ።"

"የለም።"

ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፋ ክፍተቱ ፊት ቆመች፤ የብስክሌት ቆቧ እስካሁን ራሷ ላይ ነው፣ አናቷ በወይን ርሷል። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች። አርሴን ትንሽ ግራ ገባው፤ ከዚያ ገባው። ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱን ወደ ጎን፣ ወደ መንገዱ አዞረ፤ ለማያውቀው ሰው ፊት የነሳት ይመስላል፤ እሷን ማየት የሚችለው ግን በዳር ዓይኑ ብቻ ነው።

"ሰላም" አላት።

ሶላንዥ ሰዓቷን አየች።

"ዘግይተሃል" አለችው።